ሣጥን ሠሪው ቄስ፤ የአባ ዳሚያን የሕይወት ታሪክ



መጽሔታችን በያመቱ ሲወጣ ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ዕቃ፣ ስለ ለቅሶ ሥርዓት ብዙ ተብሎበታል። ዘንድሮ እኛ ከዚያ ወጣ ብለን፣ ካገራችን እጅግ ርቃ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል በምትገኝ ደሴት ላይ ኖረው እዚያው ስላረፉ አንድ ቄስ ልናጫውታችሁ ፈልገናል። መቼስ፣ የእኛን ዕድርና የሩቅ አገር ሚሲዮናዊን ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። ያገናኛቸው ቀብር ነው። እኚህ ሰው የሄዱት ወንጌል ሊሰብኩ ነበር፤ መስበኩንም እስከ መጨረሻው አልተዉም። ነገር ግን የሰዉን ልብ ያገኙት ሬሳ ሣጥን በመሥራት፣ ጉድጓድ በመቆፈርና መካነ መቃብር በማጠር ጭምር ነበር። የሞተው በወግ በማዕረግ ሲቀበር በሕይወት ያለው ሰው ኑሮ እንዴት እንደሚለወጥ ከሳቸው ታሪክ በደንብ ይታያል። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው እንተርካለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ልጅነትና ጥሪ

አባ ዳሚያን የተወለዱት ጥር 3 ቀን 1840 በቤልጂክ አገር፣ ትሬሜሎ በምትባል የገጠር መንደር ነው። የወላጆቻቸው ስም ደ ቨስተር ይባላል፤ እሳቸውም በክርስትና ስማቸው ዮሴፍ ተባሉ። አባታቸው ገበሬና የእህል ነጋዴ ነበሩ። ብዙ ልጆች ካሉበት ቤት የተወለዱት ዮሴፍ ጉልበታቸው ጠንካራ፣ ለእጅ ሥራ የማይሰንፉ ልጅ ስለ ነበሩ፣ አባታቸው ንግዱን ይረከበኛል ብለው ተስፋ አድርገውባቸው ነበር። ይሁን እንጂ ታላቅ ወንድማቸው ቀደም ብሎ የቅዱሳት ልቦች በሚባለው የካቶሊክ ገዳማዊ ማኅበር ገብቶ ፓምፊል ተብሎ ነበርና፣ ዮሴፍም በ1859 ወንድማቸውን ተከትለው ሉቨን ከተማ ወደሚገኘው የማኅበሩ ቤት ገቡ። ዳሚያን የሚለውን ስም ያገኙት እዚያ ነው።

በ1863 ማኅበሩ ወደ ሐዋይ ደሴቶች ከሚልካቸው ሚሲዮናውያን አንዱ ወንድማቸው ፓምፊል ነበሩ። ጉዞው ሲቃረብ ግን ከተማው ውስጥ ተስቦ ገባና፣ ፓምፊል ሕመምተኞችን ሲጠይቁ በሽታው ያዛቸው። ታዲያ ገና ቅስና ያልተቀበሉት ታናሽ ወንድም፣ የቅርብ አለቆቻቸውን አልፈው በቀጥታ ፓሪስ ለሚገኙት ለማኅበሩ የበላይ ጻፉና በወንድማቸው ምትክ ልሂድ ብለው ጠየቁ። ተፈቀደላቸው። አምስት ወር ያህል በመርከብ ተጉዘው መጋቢት 19 ቀን 1864 ሆኖሉሉ ደረሱ፤ በግንቦት ወር 21ኛው ቀን እዚያው በነበረው ካቴድራል ቅስና ተቀበሉ። የትውልድ አገራቸውን ከዚያ በኋላ በዓይናቸው አላዩትም።

ሐዋይ በዚያን ጊዜ የራስዋ ንጉሥ ያላት መንግሥት ነበረች። ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ፣ ዘፈንና ጨዋታ ወዳድ፣ ዓሣ አጥማጅና ገበሬ ነው። ዋናው ምግቡ ከጎደሬ ሥር ተቀቅሎና ተወቅጦ የሚዘጋጅ ገንፎ መሰል ነገር ነው። ነገር ግን ከ1778 ጀምሮ በመርከብ ከሚመጡ እንግዶች ጋር ፈንጣጣ፣ ኩፍኝና ሌላም የማያውቀው በሽታ ገባበትና ሕዝቡ እያለቀ ሄደ። በ1872 ሲቆጠር በደሴቶቹ ሁሉ ከ60 ሺህ ያነሰ ሰው ብቻ ተገኘ። አባ ዳሚያን የመጡት እንግዲህ በየቤቱ ለቅሶ ወዳለበት አገር ነው።

መጀመሪያ የተመደቡት ትልቂቱ ደሴት ላይ ነበር፤ በፊት ፑና በሚባለው ወረዳ፣ ቀጥሎም ኮሃላና ሐማኩዋ በተባሉት። ሀገረ ስብከታቸው እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ በፈረስና በበቅሎ፣ ገደሉንም በእግር እየወጡ ምእመኖቻቸውን ይጎበኙ ነበር። ቋንቋውን ተማሩ። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ቦታ መጋዝና መዶሻ ይዘው ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ሕዝቡም ስማቸውን በራሱ አፍ አለዝቦ ካሚያኖ ይላቸው ጀመር። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ቆዩ።

የመለያየት ደዌ

ወደ ሐዋይ ከገቡት በሽታዎች አንዱ የሥጋ ደዌ ነበር። መድኃኒት አልነበረውም፤ ከምን እንደሚመጣም ያወቀ አልነበረም። በ1865 ንጉሥ ካሜሃሜሃ አምስተኛ በሽታው እንዳይስፋፋ የሚያግድ ሕግ አጸደቁ። በሕጉ መሠረት ደዌው የታየበት ሰው ሁሉ ከቤቱ እየተወሰደ ሞሎካይ ወደምትባለው ደሴት ይጋዝ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን እዚያ የደረሱት ጥር 6 ቀን 1866 ነው።

ቦታው ሲታይ ያለ ግንብ የተሠራ እስር ቤት ነው ማለት ይቻላል። ከደሴቲቱ ወደ ባሕር የገባ ጠፍጣፋ መሬት ሲሆን፣ በሦስት ወገን ውኃ ከቦታል፤ በአራተኛው ወገን በብዙ መቶ ሜትር የሚቆጠር ቀጥ ያለ ገደል ቆሞበታል። የሕሙማኑ መንደር በምሥራቅ በኩል ነበር፤ ካላዋኦ ይባላል። መንግሥት ሕሙማኑ እያረሱ ራሳቸውን ይችላሉ ብሎ አስቦ ነበር። እጁና እግሩ የደከመ ሰው ምን ያርሳል? ቀለብ በመርከብ ይላካል፤ ባሕሩ ሲናወጥ ይቀራል። ቤቱ የሣር ጎጆ ነው። ውኃ የሚቀዳው ከሩቅ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን መለያየቱ ነበር። ሕዝቡ ራሱ ደዌውን የመለያየት በሽታ ብሎ ሰይሞት ነበር። እናት ከልጅዋ፣ ባል ከሚስቱ ይነጠላል። ስለዚህ አንዳንድ ጤነኛ ዘመድ፣ ከምለይህ ከነደዌህ ይሻለኛል ብሎ አብሮ ይሄድ ነበር። እነዚህን ረዳቶች በሐዋይ ቋንቋ ኮኩዋ ይሏቸዋል። ከነሱ አንዱ ዮናታን ናፔላ የተባሉ የታወቁ የሞርሞን ሃይማኖት መሪ ናቸው፤ ሚስታቸው በ1873 ስትጋዝ አብረዋት ሄዱ፣ በሽታውም ያዛቸውና በ1879 እዚያው ሞቱ።

አንዳንድ ጸሐፊዎች አባ ዳሚያን ከመምጣታቸው በፊት በካላዋኦ ስካርና ዝርፊያ እንጂ ሌላ ነገር እንዳልነበረ አድርገው ይጽፋሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ስካርም፣ ጉልበተኛ ደካማውን መግፋቱም በእርግጥ ነበረ። ዳሩ ግን በዚያው በ1866፣ የተጋዙበት ዓመት ሳያልቅ፣ 35 የፕሮቴስታንት ምእመናን ሕሙማን ተሰባስበው ሲሎአማ የምትባል ማኅበረ ምእመናን አቋቁመዋል፤ ስሙን የወሰዱት ዕውሩ ከታጠበባት ከሰሊሆም መጠመቂያ ነው። በ1871 ቤተ ክርስቲያናቸው ተሠርታ ተመረቀች። የካቶሊኮችም ትንሽ ጸሎት ቤት በ1872 ተሠርታላቸው ነበር፤ ቅድስት ፊሎሜና ትባላለች። ቋሚ ቄስ ግን አልነበራቸውምና ይላክልን እያሉ ይለምኑ ነበር።

ካላዋኦ ሲደርሱ

ጳጳሱ ሉዊ ሜግሬ አንድን ቄስ ለሞት ወደሚያበቃው ቦታ ማዘዝ ከበዳቸው። ነገሩን ለካህናቱ ሲያማክሩ አራት ፈቃደኞች ተገኙና በየተራ ጥቂት ጥቂት ወራት እንዲያገለግሉ ተስማሙ። የመጀመሪያው ተረኛ አባ ዳሚያን ሆኑ። ግንቦት 10 ቀን 1873 ከጳጳሱ ጋር ከመርከብ ወረዱ፤ ዕድሜያቸው 33 ዓመት ነበር። ጥቂት ቆይተው ተራ መጠበቁን ትተው እዚያው እንዲቀሩ ለአለቆቻቸው ጻፉ። ተራው የተባለው ነገር በዚሁ ቀረ።

ማደሪያ አልነበራቸውም። ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የረዘመ አንድ ዛፍ ነበርና፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከሥሩ አሳለፉ። በዚያን ጊዜ ከ600 በላይ ሕሙማን በመንደሩ ነበሩ። ቁስሉ የሚታጠብበት ውኃ ስላልነበረ የቤቶቹ ሽታ እጅግ ከባድ ነበር፤ አባ ዳሚያን ልብሳቸው ውስጥ የሚገባውን ሽታ ለማሸነፍ ፒፓ ማጨስ ለመዱ። አንዳንድ ቀን ከሕመምተኛ ቤት ለመተንፈስ ሮጠው ይወጡ ነበር። ግን ይመለሳሉ።

በዚያው ዓመት የጤና ቦርዱ ከመንደሩ እንዳይወጡ ከለከላቸው። እንደ ማንኛውም ካቶሊክ ቄስ ንስሐ የሚገቡበት ሌላ ቄስ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ጊዜ አለቃቸው በመርከብ ሊያዩዋቸው መጡ፤ የመርከቡ አዛዥ ግን አንዱ እንዲወርድ ሌላውም እንዲወጣ አልፈቀደም። ምን ይደረግ? አባ ዳሚያን በትንሽ ጀልባ እስከ መርከቡ ጎን ተጠግተው፣ ሰው እየሰማ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በፈረንሳይኛ ኃጢአታቸውን ተናዘዙ።

የቀብር ሥራቸው

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። በካላዋኦ ቀብር የሌለበት ሳምንት አልነበረም ማለት ይቻላል። ገንዘብ ያለው ሣጥን ያስመጣል። የሌለው በምንጣፍ ወይም በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ፣ ጉልበት ባጡ ሰዎች በተቆፈረ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ይገባል። ሌሊት አሳማና ውሻ ይመጣል። የቀረውን አንባቢ ያስበው። ይህን በዓይኑ እያየ የሚኖር ሕመምተኛ፣ ነገ እኔም እንዲሁ ነኝ እያለ ነው የሚያድረው። እንዲህ ያለ ሰው ለምን ቤቱን ይጠርጋል? ለምን አትክልት ይተክላል? ለምንስ ከጎረቤቱ ጋር ይታረቃል?

አባ ዳሚያን መጀመሪያ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ ከጸሎት ቤቱ ጎን ያለውን መካነ መቃብር ማጠር ነበር። እንስሳ እንዳይገባ ዙሪያውን ዘጉት። ቀጥለው ሳንቃ እየፈለጉ ሣጥን መሥራት ያዙ። አናጢነቱን ከልጅነት ጀምረው ስለሚያውቁት እጃቸው አልቦዘነም፤ በነዚያ ዓመታት ውስጥ የሠሯቸው ሣጥኖች በብዙ መቶ ይቆጠራሉ። ቆፋሪ ሲጠፋ ጉድጓዱን ራሳቸው ይቆፍራሉ። ያናዘዙትን ሰው፣ ቁስሉን ያጠቡለትን ሰው፣ ሣጥኑን መትተው፣ ጸሎቱን አድርሰው፣ አፈሩን መልሰው ይሸኙታል። እኛ አገር ለካህኑ፣ ለሣጥን ሠሪው፣ ለጉድጓድ ቆፋሪውና ለጡሩንባ ነፊው የተከፋፈለውን ሥራ አንድ ሰው ሲሠራው ማለት ነው።

ብቻቸውን ግን አልቀጠሉበትም። ሕሙማኑን አሰባስበው የቀብር ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ አባል ሲሞት ሌሎቹ ይወጣሉ፤ መስቀል ከፊት፣ ከበሮና ሙዚቃ ተከትሎ፣ ሴቱም ወንዱም በሰልፍ ሆኖ ወደ መቃብር ይሄዳል። እግሩ ያነከሰ ይደገፋል፤ ዓይኑ የጠፋ ይመራል። ከውጭ የመጡ እንግዶች የመንደሩን የቀብር ሥርዓት አይተው ይደነቁ ነበር። ልብ በሉ፤ የእነዚህ ሰዎች ዘመድ ባሕር ማዶ ነው፤ መርዶውም የሚደርሰው መርከብ ሲገኝ ነው። በማኅበሩ ምክንያት ግን አንድም አባል ለቀስተኛ አጥቶ አይቀበርም ነበር። ዕድር ብለው አልጠሩትም እንጂ እኛ ካየነው ዕድር ነው።

ቀብሩ ሥርዓት ሲይዝ ሌላውም ነገር ተከተለ። ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ውኃ በቧንቧ እንዲመጣ መንግሥት ዕቃውን ላከ፤ አባ ዳሚያንና አቅም ያላቸው ሕሙማን ቧንቧውን ተሸክመው ዘረጉት። ነፋስ የሣር ጎጆዎቹን ሲያፈርስ ሳንቃ እንዲላክ ወተወቱና ከምድር ከፍ ያሉ፣ በኖራ የተቀቡ የእንጨት ቤቶች ተሠሩ። አሳዳጊ የሌላቸው ወንዶችና ሴቶች ልጆች የሚያድጉበት ቤት በየፊናው አቋቋሙ። ሰዉም በየደጁ አበባና ድንች ይተክል ጀመር።

የማኅበረ ምእመናኑ ኑሮ

የቅድስት ፊሎሜና ጸሎት ቤት እየጠበበች ስለ ሄደች አባ ዳሚያን በየጊዜው አሰፏት። ሕሙማኑ በደዌው ምክንያት ምራቅ ስለሚበዛባቸው በቅዳሴ መካከል መውጣት ያሳፍራቸው ነበር። ሰው በዚህ የተነሣ ከጸሎት እንዳይቀር ብለው ወለሉን እየበሱ ቀዳዳ አበጁላቸው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሰውን ሳያሳፍሩ ማስተናገድ ማለት ግን ይህ ነው።

የሐዋይ ሰው መዘመር ይወዳልና መዘምራን አደራጁ፤ የሙዚቃ ጓድም አቋቋሙ። ድምፁ የሻከረው በዋሽንት፣ ጣቱ ያለቀው በከበሮ ይተባበራል። የኦርጋን ተጫዋቾቹ ጣታቸው ስላነሰ ሁለት ሰው ባንድ ኦርጋን ተቀምጦ በመተጋገዝ ይጫወት እንደ ነበረ ይነገራል።

አለቆቻቸው ሕሙማኑን እንዳይነኩ፣ አብረውም እንዳይበሉ አስጠንቅቀዋቸው ነበር። አባ ዳሚያን ይህን ለመጠበቅ አልቻሉም። ከአንድ ገበታ በእጃቸው ይበላሉ፤ ፒፓቸውን ያጋራሉ፤ ቁስሉን በባዶ እጅ ያጥባሉ። ሲሰብኩም እናንተ ሕሙማን ማለትን ትተው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እኛ ሕሙማን ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ገና ጤነኛ ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን ቃል ያመጡት ከታመሙ በኋላ ነው ብሎ ያወራል፤ እውነቱ ግን ለወንድማቸው በ1873 በጻፉት ደብዳቤ ላይ ይገኛል።

ለሁሉም እኩል ነበሩ ወይ? ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የያዙ ሚሲዮናዊ እንደ መሆናቸው ሰዎችን ወደ ካቶሊክ እምነት ለማምጣት ይጥሩ ነበር፤ ከሌሎቹ ሰባኪዎች ጋርም ፉክክር ነበራቸው። ይሁን እንጂ ቤት ሲሠራ፣ ቀለብ ሲታደል፣ ቁስል ሲታጠብ ይህ ካቶሊክ ነው ያ ፕሮቴስታንት ነው አይሉም ነበር። ቀደም ብለን ከጠቀስናቸው ከሞርሞኑ ከናፔላ ጋርም በወዳጅነት ኖረዋል።

ጉድለታቸው

ስለ ሙት መልካሙን ብቻ መናገር ልማዳችን ነው። ነገር ግን ጉድለቱ ካልተነገረ ሰውዬው ሥዕል እንጂ ሰው አይሆኑም። አባ ዳሚያን ግትር ነበሩ፤ ቶሎ ይቆጣሉ። የጤና ቦርዱን ሹማምንት ሳንቃ አምጡ፣ ልብስ አምጡ፣ መድኃኒት አምጡ እያሉ ዕረፍት ይነሷቸው ነበር። ረዳት ሆነው ከተላኩላቸው ካህናት ጋር በሰላም መኖር አቃታቸው። ስማቸው በዓለም ጋዜጣ መውጣት ሲጀምርና ርዳታ በቀጥታ ለሳቸው መላክ ሲጀምር፣ የገዛ ማኅበራቸው አለቆች ዝና ፈላጊ ናቸው ብለው ቅር ተሰኙባቸው። ይህ እስከ ሞታቸው ያሳዘናቸው ነገር ነው።

ዝናው የመጣው እንዲህ ነው። በ1881 ንጉሡ ወደ ውጭ አገር ሄደው ሳለ እንደራሴ የነበሩት እኅታቸው ልዕልት ሊሊዑኦካላኒ ካላዋኦን ጎበኙ። ሕሙማኑን ባዩ ጊዜ ያዘጋጁትን ንግግር ዕንባ አስቀራቸው። ተመልሰውም ለአባ ዳሚያን ኒሻን ላኩላቸው። ወሬው በአውሮፓና በአሜሪካ ተሰማ። በ1886 ደግሞ ለንደን የሚገኙ አንድ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩና አንድ ሺህ ፓውንድ ገደማ ላኩ። ካቶሊኩን ሚሲዮናዊ የረዷቸው የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መሆናቸው በጊዜው ብዙ አነጋግሯል።

ደዌውና ዕረፍታቸው

በ1884 መጨረሻ ገደማ አባ ዳሚያን ከጉዞ ደክመው ተመልሰው እግራቸውን ሊታጠቡ ውኃ አስቀረቡ። ውኃው የሚያቃጥል ነበር፤ ቆዳቸው ሲላጥ አዩ፤ ግን ሕመሙ አልተሰማቸውም። ስሜት ማጣት የደዌው ምልክት መሆኑን ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረምና ነገሩ ገባቸው። በ1885 ሐኪሞች አረጋገጡላቸው። እኛ ሕሙማን ሲሉት የኖሩት ቃል እንግዲህ በሥጋቸውም እውነት ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ከቀድሞው አላነሰም። ጊዜያቸው ማጠሩን ስላወቁ ቤት መሥራቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ማስፋቱን አፋጠኑት። የሚተካቸው ሰው ያስጨንቃቸው ነበር፤ እሱም ተገኘ። በ1886 ዮሴፍ ዳተን የተባሉ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ ሰው መጥተው ቀኝ እጃቸው ሆኑ፤ ዳተን ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ በሞሎካይ አገልግለዋል። በ1888 ደግሞ እናት ማርያን ኮፕ ከሌሎች መነኮሳዪያት ጋር መጥተው የሴቶች ልጆቹን ቤት ተረከቡ። እኚህ እናት ንጽሕናን አጥብቀው ያስጠብቁ ነበር፤ እስከ 1918 ድረስ ኖረው በሽታው ሳይዛቸው አርፈዋል።

አባ ዳሚያን ሚያዝያ 15 ቀን 1889 በ49 ዓመታቸው አረፉ። በነሱ አቆጣጠር ዕለቱ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነበር። በካላዋኦ 16 ዓመት ኖረዋል። ሕሙማኑ ራሳቸው ሰልፍ ሠርተው፣ መጀመሪያ ሌሊት ካደሩበት ከዚያ ዛፍ ሥር ቀበሯቸው። ስንቱን የቀበሩት ሰው እሳቸውም ቀባሪ አላጡም።

ከሞቱ በኋላ

በዚያው ዓመት ሆኖሉሉ የሚገኝ አንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪ፣ ሐይድ የሚባል፣ አባ ዳሚያን ቆሻሻና ግትር ነበሩ፤ ደዌውም የያዛቸው በገዛ ጥፋታቸው ነው ብሎ ለወዳጁ ጻፈ። ደብዳቤው በጋዜጣ ወጣ። ታዋቂው የስኮትላንድ ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን አባ ዳሚያን ካረፉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ መንደሩን በእግሩ ጎብኝቶ፣ ሕሙማኑን ጠይቆ ነበርና፣ በ1890 ለሐይድ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ መለሰለት። ስቲቨንሰን ራሱ የተወለደው ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ ነው። የሰውዬውን ጉድለት አልካደም፤ ሌሎች በምቹ ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ ሥራውን የሠሩት እሳቸው መሆናቸውን ግን አስረዳ።

በ1936 የቤልጂክ መንግሥት አጽማቸውን ጠየቀ። አጽሙ መርካቶር በተባለችው መርከብ ወደ አገራቸው ሄደ፤ ንጉሥ ሌኦፖልድ ሦስተኛ ወደቡ ድረስ ወርደው ተቀበሉት። ሉቨን ከተማ በክብር አረፈ። በሞሎካይ ግን ኀዘን ሆነ። ቀባሪያቸው ከመቃብራቸው ተወሰዱባቸው። በ1995 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ብላ ስትሰይማቸው ቀኝ እጃቸው ተመልሶ በካላዋኦ መቃብራቸው ውስጥ ተቀበረ። ያ እጅ ሣጥኑን ሲመታ፣ ቁስሉን ሲያጥብ የኖረው እጅ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ሮም ላይ የቅድስና ማዕረግ ተሰጣቸው።

አባ ዳሚያን ካላዋኦ በገቡበት በዚያው በ1873 ዓመት፣ ኖርዌይ ውስጥ ሐንሰን የሚባሉ ሐኪም የደዌውን ተሕዋስ በአጉሊ መነጽር አይተው አገኙት። እርግማንም፣ የዘር ቁራኛም ሳይሆን ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ መሆኑ ታወቀ። መድኃኒቱ ግን በአሜሪካ መሰጠት የጀመረው በ1941 ነው፤ ሐዋይ የደረሰውም ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ነው። የማግለሉ ሕግ በ1969 እስኪሻር ድረስ በጠቅላላው ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደዚያ ተልከዋል። የብዙዎቹ መቃብር ምልክት የለውም። ስማቸው ሁሉ የሚጻፍበት መታሰቢያ እንዲቆም በ2009 በሕግ ተፈቅዷል።

ለእኛ የሚሆነው ቁም ነገር

ነገሩ የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። የሥጋ ደዌ ባገራችንም አለ። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው፣ ሁላችንም አለርት የምንለው ሆስፒታል በ1965 የተቋቋመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አጠገቡ ያለው የምርምር ተቋምም በሐንሰን ስም ተሰይሟል። ዛሬ ደዌው ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ቆዳው ላይ የማይሰማ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ያየ ሰው ቶሎ ጤና ጣቢያ ቢሄድ አካሉ ሳይጎዳ ይድናል። ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። ያልዳነው የእኛ አፍ ነው። በዚህ በሽታ የተጎዳን ሰው የምንጠራበት የስድብ ቃል ዛሬም ከመንደር አልጠፋም። ድኖ የወጣ ሰው ቤት ሲከራይ፣ ልጁን ሲድር፣ ዕድር ሲገባ ፊት የሚነሣው አለ።

አባ ዳሚያን አንድም ሕመምተኛ አላዳኑም፤ መድኃኒቱ አልነበረማ። ያደረጉት ነገር ማንም ሰው ብቻውን እንዳይሞት፣ እንደ ውሻም እንዳይቀበር ነው። ሰዉ ይህን ካረጋገጠ በኋላ ቤቱን ሠራ፣ አበባውን ተከለ፣ ዘመረ፣ ተጋባ። እኛም በየወሩ የምናዋጣው ገንዘብ ለሣጥንና ለድንኳን ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ገንዘቡ ጎረቤታችን ዛሬ ማታ ቀባሪ አለኝ ብሎ ተኝቶ እንዲያድር የሚያደርግ ነው።

እንግዲህ አባላት ሆይ፣ በሰፈራችን ወርኃዊውን መክፈል ያቃተው፣ ዘመድ የሌለው፣ አካሉ የተጎዳ፣ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ብለን የተውነው ሰው እንዳለ ዘወር ብለን እንይ። ስሙን አጣርተን ለዕድሩ ዳኛ እናሳውቅ፤ በጠቅላላ ጉባዔያችንም እንነጋገርበት። እግዚአብሔር ያረፉትን ነፍስ ይማር፤ ላለነውም ዕድሜና ጤና ይስጠን።